ያልተተኮሰው የሸክላ በሬ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ማኅሌት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፌስታል ጭቃ ይዛ መጣች። ከርብ ወንዝ ዳር የተቆፈረ ጥቁር ጭቃ ነው። ሳታስፈቅደኝ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን አውርዳ ዘረገፈችበት፤ ውኃ አፈሰሰችና እስከ ክርኗ ገባችበት። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሽምብራ እለቅም ነበር። ሽታው መጣ። የክረምቱ ውኃ ሲሸሽ ከፎገራ መሬት የሚወጣው ሽታ ነው፤ የበሰበሰ ሣር፣ የዓሣ፣ ትንሽም የዛገ ብረት የሚል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ሰፌዱን አስቀመጥሁና ዝም ብዬ ሳብሁት።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አልኋት።

“የቤት ሥራ ነው እማማ። ከሸክላ አንድ ነገር ሠርታችሁ አምጡ ተብለናል፤ ከአሥር ይያዛል።”

ማኅሌት ሰባተኛ ክፍል ናት። ሒሳብና ሳይንስ አላት፣ እንግሊዝኛ አላት፣ ስፖርት፣ ሙዚቃና ሥዕል አላት፣ የሙያ ትምህርት የሚሉትም አላት። አባቷ፣ የኔው ልጅ፣ ከሥራ ሲገባ ጭቃ የለበሰ ክንዷን አየና “ጎበዝ፤ ብቻ ሶፋውን እንዳትነኪ” ብሏት አለፈ። ይኸው ነው፤ ሌላ ወሬ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ አልዋሽም። ግን ሰው እስኪያረጅ ጠብቆ የሚጠራ እውነት ለማን ብሎ እንደሚጠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መምህር ውብነህ ወደ ወረታ የመጡት በሃምሳዎቹ ማብቂያ ላይ፣ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭነው ነው። ወረታ ያን ጊዜ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩባት ትንሽ ቦታ ነበረች፤ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች፣ ገበያው፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ። ትምህርት ቤታችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበረው። ስድስተኛን የጨረሰ ወንድ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ደብረ ታቦር ይወጣል ወይም ጎንደር ይሄዳል። ስድስተኛን የጨረሰች ሴት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች። በዚያ ዓመት ግን ሰባተኛና ስምንተኛ ይከፈት ተባለና ወላጆች ድንጋይ አግዘው፣ እንጨት ቆርጠው አንድ ክፍል ሠሩ። ዋናው አስተባባሪ አባቴ ነበር። ለዚያ ክፍል የተላኩልን መምህር ውብነህ ናቸው።

አባቴን ግራዝማች ይሉታል። መጥፎ ሰው ነበር ብል በአጥንቱ ላይ መዋሸት ይሆንብኛል። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ጣጣውም ከዚያው ነው የመጣው። ሜዳው ላይ ካለችው ከቁሐር ሚካኤል አንድ ባለ ከብት ለልጁ እኔን ጠይቆ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ የመለሰላቸውን ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፦ “ወረታ ላይ የምትማርበት ክፍል እስካለ ትማር። ስምንተኛን ካለፈች እንደ ፈቃዷ ናት። ክፍሉ ካልቀጠለ ግን የእናንተ ናት፤ ልጄን ወደ ሰው አገር አልሰድም።” ለኔ ይኼ ትልቅ ነገር ነበር። ስምንተኛን አልፎ ጎንደር የሄደ ልጅ አስተማሪ ወይም ሕመምተኛ የሚያክም ድሬሰር ሆኖ ሲመለስ አይቻለሁ። እኔ ድሬሰር ለመሆን ለራሴ ጨርሼ ነበር፤ የቀረኝ ያ ክፍል ሁለት ዓመት እንዲቆምልኝ ብቻ ነው።

መምህር ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። የካኪ ኮታቸው ኪስ በጠመኔ የነጣ፣ ሸራ ጫማቸው በመረሬ አፈር የጠቆረ፣ ከደብተራቸው ጋር ሁልጊዜ ዋሽንት የሚይዙ። አገርዎ ወዴት ነው ሲባሉ “ከዓባይ ማዶ” ይላሉ፤ የማን ልጅ፣ የማን ዘር እንደሆኑ ግን አይናገሩም። በእኛ ዘንድ ዘሩን የማይቆጥር ሰው ሲገኝ ሌላው ይቆጥርለታል። ያልለመድነው ሌላም ነገር ነበራቸው። የማያውቁትን ስንጠይቃቸው አይቆጡም፤ “አላውቅም፤ እንፈልገዋለን” ይላሉ። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተን ስለማናውቅ መጀመሪያ አፈርንላቸው።

የመጡ ቀን ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ያለውን ግድግዳ ኖራ ቀብተው የሳምንቱን ትምህርት በከሰል ጻፉበት። ጧት ጧት አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ። ይኼ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጤና አጠባበቅ፣ የአትክልት ሥራ፣ ስፌት፣ ዜማ፣ ሥዕል፣ ጂምናስቲክ፣ የእጅ ሥራ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ “መምህር፣ ስፌቱ ለሴቶቹ ነው አይዶል?” ቢላቸው፣ ደረቱ ላይ ቁልፍ ያጣውን ሸሚዙን አይተው “ያንተን ቁልፍ ማን ሊተክልልህ ነው?” አሉት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሲበርድ እንዲህ አሉን፦ “ጭንቅላትና እጅ ጥንድ በሬ ናቸው። አንድ በሬ ብቻ ጠምዶ የሚያርስ ሰው በፎገራ አይታችኋል? የእናንተ ዕድሜ ደግሞ ውኃ የሸሸበት መሬት ነው። ዛሬ ያልዘራንበትን ነገ ልዝራ ብንል ደርቆ ማረሻ አያስገባንም።”

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በሒሳብ ሰዓት ወጥተን የግቢውን መሬት በገመድ እንለካለን። ወንዶቹ ምላሳቸውን አውጥተው ቁልፍ ይተክላሉ። በዜማ ሰዓት መምህር ዋሽንት ሲነፉ የሱቅ ሰዎች ሳይቀሩ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላሉ። ለጂኦግራፊ ከግቢው ጥግ ፎገራን በጭቃ ሠራናት፤ ጣናን በሳህን፣ ርብንና ጉማራን በጣት ቦይ አወጣንላቸው። የቁሐር ሚካኤል ልጆች ቤታችን ነው ብለው ጠጠር አስቀመጡ። መምህር በጣሳ ውኃ ከላይ ሲያፈሱበት ወንዙ ከቦዩ ዘሎ ጠጠሮቹን ዋጣቸውና ልጆቹ ጮኹ፤ ከዚያ ሁላችንም ተንበርክከን ውኃው የሚሸሽበትን ስንፈልግ ደወሉ ተደወለ። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ያን ቀን ማንም ሊሰማው አልፈለገም።

ወንድሜ አያሌው በአንድ ዓመት ይከተለኛል፤ ዘግይቼ ስለገባሁ አንድ ክፍል ነበርን። ሒሳብ ሲመጣ እንደታመመ ጥጃ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። የእጅ ሥራ ሰዓት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መምህር በገበያ የተሰበረ እንስራና ድስት ያስለቅሙናል፤ ገሉን ወቅጠን፣ ነፍተን ከአዲሱ ጭቃ ጋር እንረግጠዋለን። “ያለ ገል ዱቄት አዲስ ጭቃ እሳት አይችልም” ይሉናል፤ “ርገጡት፣ አየር አይቅርበት።” አያሌው ከዚያ ጭቃ በሬ ያወጣል። ሻኛውን፣ ቀንዱን፣ የተንዠረገገውን የአንገት ቆዳ ሳይቀር፤ የፎገራ በሬ ከነኩራቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሰው ዙሪያውን ከቦ ያየው በዚያን ጊዜ ነው። ቤት ስንሄድ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር።

እናታችን ጥፍራችን ውስጥ ጭቃ ባየች ጊዜ ግን ደነገጠች። “አባታችሁ ሳያይ ታጠቡ! ሸክላ ያስነኳችኋል እንዴ?” አለች። በአገራችን ሸክላ የሚሠራ ሰው ጠይብ ይባላል። ጠይብ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። እንስራቸውን ከገበያ ገዝተን ውኃ እንጠጣበታለን፣ በድስታቸው ወጥ እንሠራለን፤ እነሱ ግን ደጃችንን አያልፉም። ልጅ ይዛ የምትሄድ ሴት መንገድ ላይ ጠይብ ካገኘች የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ይኼን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ወተት ጋር የጠጣነው ነው።

አባቴ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ “መምህር፣ ድንጋይ ያገዝነ ልጆቻችን ፊደልና ቁጥር እንዲማሩ ነው። ጭቃ ማቡካትማ ኸቤታቸውም አያጡት” አላቸው።

መምህር እጃቸውን በጆንያ ጠርገው እጅ ነሡና “ግራዝማች፣ ድንጋዩን ያገዙት በእጅዎ አይደለም?” አሉት።

አባቴ ሳቀ። እውነት ሳቀ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባተኛ ክፍል በዚያ ሳቅ አለፈች።

ስምንተኛ በገባን በጥቅምት፣ ውኃው ሸሽቶ ሜዳው ሁሉ ኩሬ በሆነበት ጊዜ፣ አያሌው ታመመ። አንቀጠቀጠው፣ ቀጥሎ አነደደው፣ ደግሞ አንቀጠቀጠው። ፎገራ ላይ በዚያ ወር እንዲህ የሚያደርገው ምን እንደሆነ በጤና አጠባበቅ ሰዓት ተምረናል፤ ንዳድ የምንለው ወባ ነው፣ ከኩሬው ትንኝ የሚመጣ። እናቴ ግን “የሰው ዓይን ነው” አለች። ከአንድ ቀን በኋላ የቡዳ መድኃኒት የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠርቶ መጣ። በሩ ተዘጋ፣ ገል ላይ ፍም ተደርጎ መድኃኒቱ ተነሰነሰ፤ ወንድሜን ነጠላ አከናንበው በጢሱ ላይ አጎነበሱት። የተበላ ሰው ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። ሽማግሌው “ማን ነህ? ኸወዴት አገኘኸው? ተናገር!” እያለ ይጮኽበታል።

አያሌው ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ተናገረ።

“ገሉን ፍጩት” አለ። “ርገጡት፣ አየር አይቅርበት... መምህር ውብነህ... እሳት ጨምሩበት... ገና ነው፣ አልበሰለም...”

የእጅ ሥራ ትምህርቱን ነበር የሚያነበንበው። አንድም ቃል አልሳተ። በሕይወቱ አንድ ትምህርት ሳይሳሳት የተወጣው ያን ቀን ነው፤ እናቴ ግን ጉንጯን ነጭታ “ወየው ልጄን! ጠበሰው! በላው!” ብላ ጮኸች። ሽማግሌው አባቴን ቀና ብሎ አየና “ይኸው፣ ስሙን ጠራላችሁ” አለ። የአባቴ ፊት ተለወጠ።

እኔ በጓሮ ወጥቼ ሮጥሁ። መምህር ከትምህርት ቤቱ ጎን ባለችው ክፍላቸው ደጃፍ ሆነው የአያሌውን አዲሱን በሬ ጥላ ውስጥ ያገላብጡ ነበር፤ እንዲደርቅ። የሆነውን ነገርኋቸው። ስማቸው መጠራቱንም ነገርኋቸው። ወዲያው ኮታቸውን አነሡ፤ “ልምጣ፣ ላናግራቸው” ሲሉኝ “አይምጡ መምህር፣ አባቴ ይገድልዎታል” አልኋቸው። ኮቱን በእጃቸው እንደያዙ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው የወባ ክኒን አወጡልኝ። እንዴት እንደምሰጠው ነገሩኝ፤ ደግመው አስነገሩኝ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለን። “ድሬሰር አይደለሽ፣ የሺ?” አሉኝ።

እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አባቴ ደጅ ሲቀመጥ፣ ክኒኑን ሰብሬ በማር ለውሼ ለአያሌው አጎረስሁት። ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። ቀን ቆጥሬ፣ ጊዜ ጠብቄ እንደታዘዝሁት ጨረስሁለት። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ቁጭ ብሎ አጥሚት ጠጣ። ቤቱ እልል አለ። ሽማግሌው ፍየል ተሰጥቶት ሄደ።

አሁን ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም። የቡዳ መድኃኒት ካዳነው እንግዲህ የበላው ቡዳ ነው ማለት ነው፤ ይኼ ለእነሱ እንደ ሒሳብ ግልጽ ነበር። ወላጆች እኛ ግቢ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። “ዘሩን ጠይቀነው መች ነገረን?” አለ አንዱ። “እሱ” ነበር ያለው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንቱታው ተገፎ “እሱ” ሆኑ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት እናውጣ ተባለ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ የት እንደምሄድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ማድጋውን አስቀምጬ በሽማግሌዎቹ መካከል ገባሁ።

“አያሌውን ጢስ አይዶል ያዳነው” አልሁ። “መምህር ውብነህ የወባ ክኒን ሰጥተውኝ እኔ ነኝ ያዋጥሁት። በማር አድርጌ። ቡዳ ቢሆኑ ለምን ያድኑታል?”

እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጤፍ የምታክል ተስፋ ነበረችኝ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም፣ ነገሩ የተፈታለት ሰው ፊት ነበር።

“ሰማችሁ?” አላቸው። “ኸእጁ በወጣ ነገር ነው የተመለሰለት። የበላ ነዋ የሚተፋ!”

ቡዳው ራሱ ካልለቀቀ፣ ከእጁ ወይም ከልብሱ አንድ ነገር ካልተገኘ የተበላ ሰው አይድንም የሚሉትን ረስቼው ነበር። አልረሳሁትም፤ በጤና አጠባበቅ ሰዓት ከራሴ አውጥቼ የጣልሁት መስሎኝ ነበር። ሰዎች “አንቺ ነሽ ያስያዝሽው” እያሉ ያፌዙብኛል። እኔ ግን አላጠፋሁም። እውነት ተናገርሁ፤ የሰማኝ ጆሮ ነው የከፋው። ይኼን እስክሞት እለዋለሁ።

በማግስቱ ወላጆች ዱላ ይዘው ክፍላችን ገቡ። በመደርደሪያው ላይ የነበረውን የሸክላ ሥራችንን ሁሉ፣ ጽዋውን፣ ወፎቹን፣ ድስቶቹን ሰባበሩት። በግቢው ጥግ ያለችውን የጭቃ ፎገራ በእግራቸው ደመሰሷት። መምህር ደጁ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ዋሽንታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጀራ የምትጋግርላቸው ሴት ቀረች። በገበያ ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ሸፈኑ። አባቴ በቤታችን ስማቸው እንዳይጠራ አዘዘ።

ከአውራጃ አንድ የትምህርት ሹም መጣ። የተማረ ሰው ነው፣ ሱፍ የለበሰ። ይኼ ሰው ያድነናል ብዬ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁት። በቡዳ አያምንም፤ እንዲያውም በአባቴ ፊት ሳቀበት። ቀጥሎ ግን የአባቴን ጠጅ እየጠጣ “ቢሆንም መምህሩ አጥፍቷል” አለ። “ዋሽንት፣ ስፌት፣ ጭቃ፤ ከነዚህ በፈተና የሚመጣ የለም። ለማይፈተን ነገር ሕዝብ ማስቆጣት ምን ይባላል?” መምህር ወደ ሌላ ቦታ ይዛወሩ ተባለ። ክፍሉም ተማሪ ስለሌለው ይዘጋ ተባለ። አላዋቂውን፣ እናቴን፣ ያን ባለመድኃኒት ሽማግሌ እንኳ ይቅር ብዬአለሁ። ያን አዋቂ ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁም።

የሄዱ ቀን ማድጋ ተሸክሜ ውኃ ልቀዳ የምሄድ መስዬ ወጣሁ። መንገዱ ከሚለያይበት ላይ ብቻቸውን መኪና ይጠብቃሉ። ሰው ከእሳቸው ርቆ ነው የቆመው። ስደርስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ፤ “የአያሌው በሬ ነው። ውስጡ ገና አልደረቀም። ፀሐይ እንዳይነካው፣ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ትተኩሱታላችሁ” አሉኝ።

“መምህር፣ እኔስ?” አልኋቸው።

መንገዱን አዩ፤ አንዴ የጎንደሩን፣ አንዴ የደብረ ታቦሩን። “አላውቅም፣ የሺ” አሉኝ። እንፈልገዋለን የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። መኪናው መጣና ሄዱ፤ የት እንደደረሱ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

አያሌው ደብረ ታቦር ተላከ። እኔ በጥር ተዳርሁ፤ አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ላሞቹን ከኔ ይልቅ በስም ያውቃቸው ነበር እንጂ። በቁሐር ሚካኤል ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ደጃችን ይደርሳል። እኔም በቅል ከትቼ ከጣራው ያንጠለጠልሁትን በሬ አወርድና ጨርቁን ፈትቼ አይ ነበር። ያልተተኮሰ ጭቃ ውኃ ከነካው ይፈርሳል። ኩበት ሞልቶ ተርፎ ለምን ሳልተኩሰው እንደኖርሁ እንጃ። ሸክላ ስተኩስ ያየኝ ሰው ምን እንደሚለኝ ግን አውቅ ነበር። ልጆች ወለድሁ፣ አሳደግሁ፣ ባሌን ቀበርሁ፣ ከልጄ ጋር ወደ ወረታ ተመለስሁ። ድሬሰር አልሆንሁም።

አያሌው በመንግሥት ሥራ አድጎ፣ ጡረታ ወጥቶ ባሕር ዳር ይኖራል። በየድግሱ ሞቅ ሲለው የሚያወራት ወሬ አለችው፤ “እኔኮ ልጅ ሳለሁ አስተማሪያችን ቡዳ ሆኖ በልቶኝ፣ በጢስ አስተፍተውት ነው የዳንሁ” ይላል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንድ ጊዜ በሰርግ ላይ “የክኒኑንም ተናገር እንጂ” ስለው “የምን ክኒን? እኔ አላስታውስም” አለኝ። ትኩሳት ላይ ነበር፣ እውነቱን ነው ብዬ ተውሁት።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ማኅሌት ጭቃውን እንዲሁ ልታድቦለቡል ስትል እጇን ያዝሁት። የተሰበረ ማሰሮ አስመጥቼ ወቅጠን ነፋን። ጫማዋን አስወልቄ አስረገጥኋት። ጽዋ ሠራች፤ ጠማማ ናት፣ ግን ጽዋ ናት። ጥላ ውስጥ አቆይተን ሲደርቅ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፈርሁና ኩበት ደረደርሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሬውን አመጣሁት፤ ከጽዋው ጎን አስቀመጥሁት። ጢሱ ሲወጣ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብላ “ምን እያቃጠላችሁ ነው?” አለች።

“የቤት ሥራ ነው!” አለቻት ማኅሌት።

“እሰይ፣ ጎበዞች” ብላ ተመለሰች።

ጽዋዋ ደኅና ወጣች። በሬው ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ግራ ቀንዱ ከሥሩ ተቀንጥሷል። ቢሆንም ይቆማል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥሁት።

ለኅዳር ሚካኤል አያሌው ከባሕር ዳር መጣ። ቁሐር ሄደን አንግሠን ተመልሰን፣ ቤቱ ጸጥ ሲል በሬውን አየው። አንሥቶ ወደ መነጽሩ አስጠጋው፤ ሻኛውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

“የማን ልጅ ነው የሠራው? እጅ አለው።”

“አንተ ነህ” አልሁት።

ሊስቅ ብሎ ተወው። ገልበጥ አድርጎ ሆዱን አየ፤ ቀንዱ የነበረበትን ቦታ ነካው። “የቡዳው ጊዜ?” አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“የመምህር ውብነህ ጊዜ” አልሁት።

በሬውን በሁለት እጁ ያዘው። ማኅሌት ልትሰማ ወደኛ ዞራ ነበር።

“ክኒኑ ይመር ነበር” አለ።

“ማር አድርጌበት ነበር” አልሁት።

“አውቃለሁ” አለኝ በሬውን ሳያስቀምጥ፤ “ማሩን አልፎ ይመር ነበር።”